ፊታውራሪ፣ ሦስት ዙር ሲቀር

በየዘመድ አዝማዱ መካከል አንድ ፊት ፊት የሚሄድ ሰው አይጠፋም። መንገዱን እሱ ያውቃል፣ በሩን እሱ ያንኳኳል፣ ወረፋውን እሱ ይይዛል፤ እናንተ ቁና ቁና እየተነፈሳችሁ ስትደርሱ ግን የለም። ሄዷል። ያስጀመረውን ለናንተ ትቶ፣ ሌላ የሚያስጀምረው ፍለጋ ሄዷል። እንዲህ ያለ ሰው በቤተሰባችሁ ከሌለ፣ ወይ ቤተሰባችሁ ትንሽ ነው፣ ወይ ያ ሰው እናንተው ናችሁ።

ለእኛ ቤት የደረሱት የእህቴ ባል ናቸው። በስማቸው የሚጠራቸው መታወቂያ የሚያድስ ጸሐፊ ብቻ ነው፤ እኛ ፊታውራሪ እንላቸዋለን። ማዕረጉን የሾማቸው የለም፣ በሥራቸው ያገኙት ነው። በሥራ ቀን መኪና መንዳት ያስተምራሉ። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ በከተማችን የብስክሌት መወዳደሪያ ሜዳ በሞተር ፊት ይመራሉ።

ሥራውን ለማያውቅ ላስረዳ። ኬሪን የሚባል እሽቅድምድም አለ። ስድስት ብስክሌተኞች ስድስት ዙር ይሄዳሉ። ሜዳው የእንጨት ወለል ሆኖ ጠርዙ እንደ ሳህን ቀና ያለ ነው፤ ብስክሌቶቹ ፍሬን የላቸውም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ዙሮች አንድ ሞተር ፊት ፊታቸው ይሄዳል፤ እነሱ ዕጣ ባወጣላቸው ተራ ተሰልፈው ይከተሉታል። ሞተሩን መቅደም ክልክል ነው። ሞተሩ በሰዓት በሠላሳ ኪሎ ሜትር ይጀምርና ጥቂት በጥቂት እየጨመረ ሃምሳ ያደርሳቸዋል። ከዚያ ልክ ሦስት ዙር ሲቀር ከሜዳው ወርዶ ወደ መሐል ይገባል። የቀሩት ዙሮች የጉልበትና የብልጠት ናቸው፤ ማንም ማንንም አይምርም። እንግዲህ በዚያ ሞተር ላይ ወገባቸውን ቀጥ፣ አገጫቸውን ከፍ አድርገው የሚቀመጡት ፊታውራሪ ናቸው። በሃያ ሁለት ዓመት ያልመሩት ውድድር የለም፤ ያሸነፉትም የለም።

እኔ ደግሞ እዚያው ሜዳ መድረሻው መስመር አጠገብ ቆሜ የዙር ቁጥር እገለብጣለሁ፣ የመጨረሻው ዙር ሲደርስ ደወል እደውላለሁ። ሥራውን ያስገቡኝ እሳቸው ናቸው። እስከ ቢሮው ፊት ፊቴ ሄደው፣ ለኃላፊው "ይሄ አማቼ ነው፤ እስከ ስድስት መቁጠር ይችላል" ብለው አስተዋወቁኝና፣ ወንበር ስቤ ሳልቀመጥ "ቀሪው የናንተ ነው" ብለው ወጡ። ይኸው አሥራ አራት ዓመት ሆነኝ።

"ቀሪው የናንተ ነው።" ከሜዳው ሲወርዱ ግራ እጃቸውን አንስተው ለብስክሌተኞቹ የሚሉት ይህንን ነው። ሞተሩ ስለሚያጓራ አንዳቸውም ሰምተዋቸው አያውቁም፤ እሳቸው ግን ሳይሉት ወርደው አያውቁም። ክፋቱ፣ ቤትም ይዘውት መምጣታቸው ነው። የጠበቀ የጠርሙስ ክዳን እስኪላላ ድረስ ያዞሩና ለእህቴ መልሰው ያቀብሏታል። መደርደሪያ ይሰቅላሉ፤ ከአራቱ ብሎን ሦስቱን ያጠብቁና መፍቻውን ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣሉ። ቀልድም ይጀምራሉ። አንድ ሰውዬ ሰክሮ ቤቱ ጠፍቶበት በር ሲያንኳኳ የሚጀምር ረጅም ቀልድ አላቸው፤ "ታዲያ ሰውዬው በሩ ሲከፈትለት..." ይሉና ተነሥተው እጃቸውን ሊታጠቡ ይሄዳሉ። በሩ ሲከፈት ሰውዬው ምን እንዳየ የሚያውቅ ዘመድ የለንም።

"ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ" ትላለች እህቴ፣ "አንድ ፊልም እስከ መጨረሻው አብሮኝ አይቶ አያውቅም። ገዳዩ ማን እንደሆነ በማግስቱ ቁርስ ላይ እኔ ነኝ የምነግረው።"

"ንገሪኝ ብዬሽ አውቃለሁ?" ይላሉ ፊታውራሪ።

አብሯቸው በእግሩ የሄደ ሰው ሌላውን ጠባያቸውን ያውቃል። ከቤት ስትወጡ ቀስ ብላችሁ ነው፤ ስለ ጤና ትጠያየቃላችሁ፣ ስለ ውሃ መቆራረጥ ታወራላችሁ። ዳቦ ቤቱን ስታልፉ ቃላችሁ ማጠር ይጀምራል። ፋርማሲው ጋ ስትደርሱ እየሮጣችሁ ነው። መቼ ሩጫ እንደ ጀመርኩ እስከ ዛሬ ለይቼው አላውቅም። ስጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፦ "ፍጥነት እንደ ሻይ ስኳር ነው አማቼ። ባንዴ ከገለበጥከው ታች ይተኛብሃል። እያማሰልክ ስትጨምረው ነው ጠጪው የማያውቀው።"

ተማሪዎቻቸውን የሚያስተምሩትም በዚሁ ሥርዓት ነው። የመጨረሻው የትምህርት ቀን ሲሆን ቀይ መብራት ላይ በራቸውን ከፍተው ይወርዳሉ።

"መምህር! የት ሊሄዱ ነው?"

"ቀሪው የናንተ ነው።"

"ኧረ እኔ ብቻዬን ነኝ!"

"እሱን ብዬ እኮ ነው የወረድኩት።"

ከዚያ ታክሲ ይዘው በአቋራጭ ትምህርት ቤቱ ደጅ ቀድመው ይደርሳሉ። በከተማችን እያለቀሰ መኪና የሚነዳ ሰው ካያችሁ የእሳቸው ተማሪ ነው፤ መንገድ ልቀቁለት። ፈተናውን የወደቀ ግን የለም።

የወንድሜ ልጅ ያገባ ጊዜ አጀቡን እንዲመሩ የለመንናቸው እኛው ነን፤ ጥፋቱ የኛ ነው። አሥራ አንድ መኪና አስከትለው፣ በሠላሳ ጀምረው፣ አንድ መብራት እንኳ ሳይዘን እንደ ክር መዝዘው ወሰዱን። ወደ አዳራሹ ሦስት መታጠፊያ ሲቀር ግራ እጃቸውን በመስኮት አውጥተው ከፍ አደረጉና ወደ ጎን ታጠፉ። እኛ ምን እናውቃለን? ተከትለን ታጠፍን። ሙሽራዋ ነጭ ቀሚሷን ሰብስባ ስትወርድ ራሷን ያገኘችው ጎሚስታ ደጃፍ ነው። ፊታውራሪ ለኋላ ጎማቸው አየር ሊያስሞሉ ነበር የሄዱት።

"እዚህ ምን ትሠራላችሁ?" አሉ ከልባቸው ተገርመው።

"አንተን ተከትለን ነዋ!" አለች እህቴ፣ አበባውን እንደ ዱላ ይዛ።

"እጄን አላያችሁም እንዴ? ቀሪው የናንተ ነው ብያለሁ እኮ!"

ጎሚስታው ደግ ሰው ነው፤ ሙሽሮቹን እንኳን ደስ ያላችሁ ብሎ የአሥራ አንዱንም መኪና ጎማ በነጻ ለካ። ከሠርጉ ፎቶዎች ሁሉ አሁን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ሙሽራዋ በጎማ ክምር ፊት ቆማ የምትስቅበት ነው።

እናታችን ቀዶ ጥገና ያደረገች ዕለትም እንዲሁ። እኔ ተሽከርካሪ ወንበሯን እገፋለሁ፤ ፊታውራሪ ፊት ፊት ናቸው። ካርድ ክፍል፣ ደም ምርመራ፣ ራጅ፤ ሌላው ሰው ግማሽ ቀን የሚቆምበትን እኛ ባንድ ሰዓት ጨረስን። ቀዶ ጥገና ክፍሉ በር ላይ ሲደርሱ ትከሻዋን መታ መታ አደረጓትና "እማዬ፣ ቀሪው የናንተ ነው" ብለዋት ሄዱ።

"ይሄ ሰውዬ" አለች እናቴ በነጭ አንሶላ እንደተጠቀለለች፣ "ገነት ድረስ ይመራኝና በሩ ላይ ጥሎኝ ይመለሳል።"

ድና ስትወጣ ግን መጀመሪያ የጠየቀችው "ፊታውራሪስ?" ብላ ነው። ታክሲ አቁመው፣ የኋላውን በር ከፍተው ደጅ ላይ ይጠብቁ ነበር። አዲስ ዙር መሆኑ ነው።

ይህን ሁሉ ይቅር ብያቸው ነበር። አንድ ነገር ግን አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ሲከነክነኝ ኖሯል፤ የውድድር መጨረሻ አያዩም። ከሜዳው ወርደው ሞተሩን ከእኔ በስተኋላ አሥር እርምጃ ያህል ርቀው ያቆማሉ። ጀርባቸውን ለመድረሻው መስመር ይሰጣሉ። ከኪሳቸው ቢጫ ጨርቅ ያወጡና የሞተሩን መስታወት መወልወል ይጀምራሉ። ሕዝቡ ተነሥቶ ይጮኻል፣ ብስክሌተኞቹ ጎማ ለጎማ ተያይዘው ይመጣሉ፣ እሳቸው መስታወት ይወለውላሉ። እኔ ፊቴን ወደ ሜዳው አዙሬ ቁጥር ስለምገለብጥ፣ ውድድሩ አልቆ ዘወር ስል ሁልጊዜ የማገኛቸው እዚያው መስታወት ላይ ነው። ወደኋላ ለማያይ ሰው መስታወት ምን ይሠራለታል? እንዲህ ብዬ ፊት ለፊት ጠይቄያቸዋለሁ።

"የማይመለከተኝን አላይም" አሉኝ። "እኔ እስከ ሦስት ነኝ።"

ወደ ቤት ስንመለስ መኪና ውስጥ ውጤቱን የምነግራቸው እኔ ነኝ። "እንዴ?" ይላሉ፣ "ይሁና" ይላሉ። አንድ ቀን ተሳስቼ አረንጓዴ የለበሰችው አሸነፈች ስላቸው "ሰማያዊዋ" አሉ። ዞር ብዬ አየኋቸው። ሳሉና "ሲያወሩ ሰምቼ ነው" አሉ። እኔም አመንኳቸው። ደግሞ እሑድ እሑድ ማታ አንገታቸውን ያማቸዋል። እህቴ ቅባት ታሽላቸዋለች፤ እሳቸው ሞተሩን ይወቅሳሉ። ይህንንም አመንኳቸው።

አንድ ልጅ አላቸው፤ ሴት ናት፤ ብስክሌተኛ ናት። ሌላ አባት ልጁን ብስክሌት ሲያስተምር ከኋላ ኮርቻውን ይይዛል። ፊታውራሪ ግን ፊት ፊቷ ነው የሮጡት። ልጅቷ ስትወድቅ ዞረው አላዩም፤ ሩጫቸውን ቀነስ ብቻ ያደርጋሉ። ስትነሳና ስትደርስባቸው ደግሞ ጥቂት ይጨምራሉ። እህቴ በረንዳ ላይ ቆማ "ያዛት እንጂ አንተ ሰውዬ!" እያለች ስትጮህ ሠፈሩ ሁሉ ይሰማ ነበር። ልጅቷ በሦስተኛው ቀን መንዳት ቻለች። በአራተኛው ቀን ቀደመቻቸው።

ዘንድሮ ሃያ አራት ዓመቷ ነው። ፋርማሲ ተምራ ጨርሳለች። ለብሔራዊ ቡድን የሚመረጡት በማጣሪያው አንደኛና ሁለተኛ የሚወጡት ብቻ ሲሆኑ፣ ባለፉት ሁለት ዓመታት ሁለቱንም ጊዜ ሦስተኛ ወጣች። ለዘንድሮው ማጣሪያ አንድ ሳምንት ሲቀረው ቁርስ ላይ ቁርጡን ነገረችን፦ "ዘንድሮም ካልሆነ ብስክሌቱን እሰቅላለሁ። አንድ ፋርማሲ ቦታ ይዘውልኛል፣ ጠብቁኝ ብያቸዋለሁ።" ፊታውራሪ ሻያቸውን አማሰሉ። ስኳር እንዳልጨመሩበት ያየሁት እኔ ብቻ ነኝ።

የማጣሪያው ቀን ጠዋት የአንዲት ሌላ ተወዳዳሪ አሠልጣኝ አቤት አለ። "አባት ልጁን ሲመራ የት አገር ታይቷል?" እውነቱን ነው፤ ፊታውራሪም ራሳቸው ልተወው ብለው ነበር። ነገር ግን ፈቃድ ያለው ሌላው የሞተር መሪ እጁ ተሰብሮ በጄሶ ነው። ዋና ዳኛዋ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው ፊታውራሪን አዩአቸው።

"ምን ይላሉ?"

"ሞተር ዘመድ አያውቅም" አሉ ፊታውራሪ።

አሠልጣኙም ሳይቀር አቤቱታውን ተወ። ስለ ፊታውራሪ የፈለገው ይባል፣ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ በፍጥነት አንዲት ኪሎ ሜትር፣ በዙር አንዲት ክንድ ስተው አያውቁም። ደረጃ ሲወጡ የሚቆጥሩ ሰው ናቸው።

ዕጣው በሄልሜት ውስጥ ቁጥር የተጻፈባቸው ኳሶች ናቸው። ልጅቷ እጇን ሰድዳ አወጣች፤ አንድ ቁጥር። አንድ ቁጥር ሲሏችሁ መልካም እንዳይመስላችሁ። ከሞተሩ በስተኋላ የመጀመሪያዋ ናት፤ ሞተሩ ሲወርድ ነፋሱ ፊቷን የሚመታው እሷን ነው፣ ሌሎቹ አምስቱ በእሷ ጀርባ ተከልለው ጉልበታቸውን ይቆጥቡና በላይዋ ያልፋሉ። ከዚያ ቁጥር ተነሥቶ ያሸነፈ ሰው ብዙም አላየሁም። ፊታውራሪ ኳሱን አዩት፣ ጓንታቸውን አጠለቁ፣ ሞተሩን አስነሡ።

ሽጉጡ ተተኮሰ። ሠላሳ፣ ሠላሳ አምስት፤ እንደ ልማዳቸው ያለ አንዳች መንገጫገጭ። ስድስት አልኩ፣ አምስት አልኩ፣ አራት አልኩ። ሦስት ቁጥርን ገልብጬ ከፍ አደረግኩና ሞተሩ ወደ መሐል እስኪገባ ጠበቅኩ።

ሞተሩ አልገባም።

ፊታውራሪ መስመሩን አለፉ። እጃቸው አልተነሣም። መታጠፊያውን እንደያዙ ቀጠሉ፣ ከኋላቸው ልጃቸው፣ ከልጃቸው ኋላ አምስቱ፤ መቅደም ክልክል ስለሆነ ሁሉም እየተያዩ ይከተላሉ። አንድ ሙሉ ዙር ዞሩ። ሁለት ቁጥርን ልገልብጥ አልገልብጥ ጨነቀኝ። ዳኛዋ ሁለት ጊዜ ወደ ላይ ተኮሱ፣ ውድድሩ ቆመ።

"ምን ሆኑ?" አሉ ዳኛዋ። "ሞተሩ ነው?"

"ሞተሩ ደህና ነው።"

"ታዲያ?"

"ዙር ተሳሳትኩ" አሉ ፊታውራሪ።

ከሃያ ሁለት ዓመት በኋላ! አሠልጣኙ "ብዬ ነበር" የሚል ፊቱን ይዞ ወዲያ ወዲህ አለ። ሰው ግን ከመሳቅ ይልቅ ደነገጠ። ዳኛዋ ማስጠንቀቂያ ጻፉባቸው። ሌላ መሪ ስለሌለ ውድድሩ በዚያው ተራ እንደገና ይደረግ አሉ፤ ብስክሌተኞቹ እንዲያርፉ ሃያ ደቂቃ ተሰጠ። ፊታውራሪ የማስጠንቀቂያውን ወረቀት በአራት አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

ልጅቷ ብስክሌቷን እየገፋች መጣች። ፊቷ ቀልቷል። እኔ ቁጥሮቼን የማስተካክል መስዬ ጆሮዬን ጣልኩ።

"አባዬ።"

"ወዬ።"

"አንተ ዙር አትሳሳትም።"

ፊታውራሪ የሄልሜታቸውን ማሰሪያ ይፈቱታል፣ ያስሩታል። "አንድ ቁጥር መጥፎ ነው" አሉ በመጨረሻ።

"አውቃለሁ።"

"አምስቱም በላይሽ ነው የሚያልፉት።"

"አውቃለሁ አባዬ። ታዲያ እስከ መቼ ልትመራኝ ነው? እዚያ ላይ ስትቆይ እኮ እየያዝከኝ ነው። አንተ ካልወረድክ እኔ አልጀምርም።"

ስንት ሰው ቀይ መብራት ላይ ጥለው የወረዱ፣ እናቴን ቀዶ ጥገና ክፍል በር ላይ ትተው የሄዱ ሰው፣ ማሰሪያቸውን ይዘው ቆሙ። በሕይወቴ ከዚያ ቀን በፊት አዝኜላቸው አላውቅም።

"እሺ" አሉ። ከዚያ፣ ለራሳቸው የሚናገሩ ይመስል፣ "እያማሰልሽ" አሉ።

"አውቃለሁ" አለች፤ ይህን ስትል ግን ድምፅዋ ለስለስ ብሎ ነበር።

ሁለተኛው ሽጉጥ ተተኮሰ። ስድስት፣ አምስት፣ አራት። ሦስትን ገለበጥኩ። ፊታውራሪ ልክ መስመሩ ላይ፣ በክር የተለካ ይመስል፣ ግራ እጃቸውን አንስተው ወደ መሐል ወረዱ። በአጠገቤ ሲያልፉ ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ። ማንም አልሰማቸውም።

ልጅቷ ብቻዋን ፊት ቀረች። ሰው ሁሉ የጠበቀው ወይ ባንዴ ትፈተለካለች፣ ወይ ፍጥነቷን ቀንሳ ሌላ ታስቀድማለች ብሎ ነው። ሁለቱንም አላደረገችም። ሞተሩ ካቆመበት ቀጠለች። ሃምሳ አንድ፣ ሃምሳ ሁለት፤ ወገቧን ሳታወዛውዝ፣ ወደኋላ ሳታይ፣ ጥቂት በጥቂት። ከኋላዋ ያሉት አሁን እንወጣለን አሁን እንወጣለን ይላሉ፤ ለመውጣት ሲነሡ እሷ ጨምራለች፣ ይመለሳሉ፣ ደግሞ ሲነሡ ደግሞ ጨምራለች። መቼ እንደጨመረች አንዳቸውም አያውቁም። እኔ ግን አውቀዋለሁ፤ ያንን መንገድ እስከ ፋርማሲው ስንት ጊዜ ሮጬዋለሁ። የቤታችን ልጅ ሜዳው ላይ ፊታውራሪን ሆና ነበር።

ሁለት ቁጥርን ገለበጥኩ። ያኔ ነው በአሥራ አራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ውድድሩ ሳያልቅ ወደኋላ የዞርኩት። ዛሬ እንኳ፣ በልጃቸው ቀን እንኳ፣ ያንን መስታወት ይወለውሉ እንደሆነ ማየት አማረኝ። ንዴትም ነበረበት።

ይወለውላሉ። ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ቢጫ ጨርቃቸውን ይዘው። ጨርቁ ግን አይንቀሳቀስም። አንገታቸው ወደ ቀኝ ተጣሞ አገጫቸው ትከሻቸውን ሊነካ ደርሷል። መስታወቱ ውስጥ ደግሞ ሁለት ዓይኖች አሉ። ወደ ሜዳው አፍጥጠዋል፣ አይርገበገቡም፣ እንባ ሞልቷቸዋል።

ሁሉም ነገር ባንዴ ገባኝ። ሰማያዊዋም፣ የአንገቱ ቅባትም። መድረሻው መስመር ላይ የተገተርኩት እኔ ነኝ፤ እኚህ ሰው አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ውድድሩን ሁሉ እስከ መጨረሻው ያዩት በእኔ ትከሻ ሥር አንገታቸውን አጣምመው ነው። ዓይናችን መስታወቱ ውስጥ ተጋጨ። እሳቸው ሊሸሹ ነበር፤ ቦታ አጡ።

"ደወል!" ብለው ጮኹ ዳኛዋ። "ኧረ ደወሉ!"

ብስክሌተኞቹ መስመሩን አልፈው መታጠፊያው ደርሰዋል። እንደ እብድ ደወልኩት። በአንድ ቀን ከአንድ ቤት ሁለት ሰው ስህተት ሲሠራ በዚያ ሜዳ ታሪክ የመጀመሪያው ነው። አሠልጣኙ ያን ቀን ስንት ጊዜ እጁን እንዳወራጨ ቆጣሪ አጥቷል።

የመጨረሻው ቀጥታ ላይ ከአምስቱ አንዷ ብቻ በላይዋ አለፈች። ሌላዋ ጎኗ ደረሰች፤ ሁለቱ እኩል መስመሩን ረገጡ። አንደኛዋ ተለይታለች፤ ሁለተኛና ሦስተኛው በፎቶ ይታይ ተባለ። ፎቶው አራት ደቂቃ ፈጀ። እህቴ ከተመልካቹ መካከል ሆና ነጠላ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ ነበር፤ ለምን እንደሆነ እሷም አታውቅም። ፊታውራሪ አሁን የምር ይወለውሉ ነበር፤ መስታወቱ ሊበሳ ምንም አልቀረውም። ድምፅ ማጉያው የልጅቷን ቁጥር ሲጠራ፣ ሁለተኛ ሲል፣ በጣት ስፋት ሲል፣ ጨርቁን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና ሞተሩን የሚሸፍኑበትን ሸራ ፍለጋ ሄዱ። ሸራው እግራቸው ሥር ነበር።

ወደ ቤት ስንመለስ ፊታውራሪ ይነዳሉ፣ እኔ አጠገባቸው፣ እናትና ልጅ ከኋላ ተቃቅፈዋል። ሠላሳ፣ ሠላሳ አምስት። አንዱ መብራት ላይ ስንቆም ማንም ሳይጠይቃቸው "ታዲያ ሰውዬው በሩ ሲከፈትለት" አሉ። "በሩ ሲከፈትለት... የራሱ ቤት ነው።" ማናችንም አልሳቅንም። ያን ሁሉ ዓመት ለምን እንዳልጨረሱት ያኔ ገባኝ።

ልጅቷ ወደፊት ዘንበል ብላ አገጯን በመቀመጫቸው ላይ አሳረፈች።

"አባዬ፣ ስጨርስ አየኸኝ?"

"እኔ እስከ ሦስት ነኝ" አሉ መንገዱን እያዩ። "ጀርባዬን ሰጥቼ ነበር።"

"አጎቴ፣ እውነት ነው?"

ፊታውራሪ መሪውን ጨበጥ አደረጉ። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ በዚህ ሰው ላይ የምመዘው ነገር ስፈልግ ኖሬ፣ ይኸው እጄ ገባ። የሠርጉን ጎሚስታ፣ የመደርደሪያውን አራተኛ ብሎን፣ እስከ ፋርማሲው ያለውን ሩጫ ሁሉ ባንዴ የሚያወራርድ ነበር።

"ጀርባቸውን ሰጥተው ነበር" አልኩ። "ምንም አላዩም።"

መብራቱ አረንጓዴ ሆነና ሄድን።

ከዚያ ወዲህ በየውድድሩ ቁጥር ስገለብጥ ሁለት እርምጃ ወደ ግራ ጠጋ ብዬ ነው የምቆመው። ዳኛዋ ለምን እንደሆነ አንድ ቀን ጠይቀውኝ፣ ፀሐይ ዓይኔ ውስጥ እየገባብኝ ነው አልኳቸው። ሜዳው ጣሪያ አለው፤ ሆኖም መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አይተውኝ አለፉ። ባለፈው እሑድ ማታ ደግሞ እህቴ ደወለችልኝና ስለ ብዙ ነገር ስታወራኝ ቆይታ፣ በመሐል፣ የፊታውራሪን አንገት ምን እንዳዳነው አላውቅም፣ ቅባቱ እንደተከደነ ቀረ አለችኝ።